ለእናትሽ ንገሪያት

«ለእናትሽ ንገሪያት፤ የትልቁ ሻንጣ ዚፕ አልዘጋ ብሏል በያት።»

አማትየዋ ይህን ሲሉ ምራታቸው አጠገባቸው ናት፤ ያውም እዚያው ሻንጣ ላይ በአንድ ጉልበቷ ተጭና ዚፑን እየጎተተች። አራት ዓመት ሊሞላት የተቃረበችው ልጅ ግን ሥራዋን የምታከብር ሠራተኛ ናትና፣ ከአያቷ ጭን ወርዳ፣ ሁለቱን ሴቶች የሚለየውን አንድ እርምጃ ተራምዳ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ «እማ፣ ዚፑ አልዘጋ ብሏል» አለች። «እየዘጋሁት ነው በያት» አለች እናቷ። ልጅቱ ዞረች፤ «አያዬ፣ እየዘጋሁት ነው።» አማትየዋ መልሱ ባሕር ተሻግሮ የደረሳቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰፈርተኛው ልጅቱን «ፖስተኛዋ» የሚላት ወዶ አልነበረም።

የጉዞው ቀን ጠዋት ነው። ባለ ሁለት ክፍሉ ቤት ባዶ ስለሆነ ሳል እንኳ ያስተጋባል፤ መጋረጃው ወርዷል፣ ግድግዳው ላይ ፎቶ የነበረባቸው ቦታዎች ነጣ ነጣ ብለው ቀርተዋል፣ የስፌት መኪናው በቆመበት ጥግ ደግሞ ወለሉ ላይ የአራት እግር ጠባሳ ይታያል። እናትየዋ ልብስ ሰፊ ናት። መኪናውን የገዛው ሰው «አርጅቷል፣ ፔዳሉ ይንጣጣል» እያለ ዋጋውን ሲያወርድባት አንድ ቃል አልተነፈሰችም፤ ሲጭነው ግን ጀርባዋን ሰጥታ ክር ስትለቅም ቆየች። ባሏ ውጭ አገር ከሄደ ጀምሮ ቤቱን ያቆመው ያ መኪና ነበር። አሁን ባሏ ሁለቱንም፣ ሚስቱንና እናቱን፣ ከነልጁ በአንድ ቀን በአንድ አውሮፕላን ጠርቷል።

ኩርፊያው የመጣው በካፖርት ምክንያት ነው። የሟቹ አማቷ፣ የባሏ አባት፣ ካፖርት ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ተሰቅሎ ነበር። ባሏ ደውሎ «እዚህ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ለልጄ ወፈር ያለ ነገር ስፊላት» ባላት ሰሞን የቤቱን ጨርቅ ሁሉ በዓይኗ ስትለካ ዓይኗ እሱ ላይ አረፈ። ልብስ ሰፊ ጨርቅ እንጂ ሰው አይታየውም። አማቷ ዘመድ ሊጠይቁ በወጡበት አንድ ከሰዓት ቆረጠችው። ሲመለሱ አንደኛው እጅጌ ወለሉ ላይ ወድቆ ነበር። ቢጮሁባት በተሻላት፤ አልጮኹም። እጅጌውን አነሱ፣ አራገፉ፣ አጥፈው ትራሳቸው ሥር ከተቱት። ከዚያ ወዲህ ለምራታቸው የሚሉት ሁሉ በልጅቱ በኩል ሆነ። እሷም ይቅርታ ልጠይቅ ልጠይቅ ስትል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ስትል፣ ነገሩ ደረቀ። በሁለቱም በኩል ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ።

ሁለት ሰው በማይነጋገርበት ቤት ሁሉ ነገር ወይ እጥፍ ነው ወይ የለም። ሾርባው አንዳንድ ቀን ሁለቴ ጨው ይገባበታል፣ አንዳንድ ቀን ጭራሽ አይገባበትም። ዳቦ ሁለቱም ይዘው ይመጡና ይሻግታል፤ በሩን ሁለቱም ይቆልፉና አንዷ ደጅ ትቀራለች። ባልየው በቪዲዮ ሲደውል ግን ትከሻ ለትከሻ ገጥመው፣ ልጅቱን መሐል አስገብተው፣ ጥርሳቸውን ያሳዩታል። ስልኩ ሲዘጋ ፈገግታውም አብሮ ይዘጋል። እሱ ምስኪን ይህን አያውቅም። ልብስ ሰፊዋን ሌሊቱን እንቅልፍ የነሳት አውሮፕላኑ ብቻ አልነበረም፤ እዚያ ደርሰው አንድ ጣራ ሥር ሲገቡ ባሏ ጉዱን የሚያይበት ቀንም ነበር።

በዚህ ላይ ምክር የማያልቅባት ጎረቤት አለች። ሱቅ አላት፤ ሳሙናም ምክርም ትሸጣለች፣ ምክሩን በነፃ። «ያን ሁሉ ሰዓት በአየር ላይ ልጅ ይዞ? ታብዳላችሁ! የአለርጂ ሽሮፕ ስጧት፣ እንቅልፍ ያመጣል፣ እኅቴ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው» አለቻት ልብስ ሰፊዋን። ሁለቱ ሴቶች አንድ ላይ ተቀምጠው ስለማያውቁ ያንኑ ምክር በሌላ ቀን ለአማትየዋም ነገረቻቸው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እዚህ ቤት ግን ዶሮዎቹ ሁለት ነበሩ። አንዷ የሌላዋን ሳታይ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጠርሙስ ገዙ።

አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ልብስ ሰፊዋ ሰነዶቹን ደረቷ ላይ ለጥፋ ከአንዱ ሰልፍ ወደ ሌላው ሂጂ ስትባል ቆየች። ጫማ አውልቁ፣ ቀበቶ ፍቱ፣ ይህን ፈርሙ። ሁሉም ሰው የሚያውቀውን እሷ ብቻ የማታውቅ መሰላት። የመጨረሻው ሰልፍ ላይ ሳለች አማቷ ልጅቱን ሽንት ቤት ወስደዋት ተመለሱ። ልጅቱ እየሮጠች መጣች፤ አፏን ለመናገር ከፍታ ነበር፤ ነገር ግን ከእናቷ ኋላ ባለው መስታወት ውስጥ አውሮፕላኑን አየችው። እንዳለ ቆሞ ነበር፣ ከነአፍንጫው ከነጎማው። «ውይ!» አለችና መስታወቱ ላይ በሁለት እጇ ተለጠፈች። ከዚያ በኋላ ያወራችው ስለ ጎማው ብቻ ነው።

መቀመጫቸው ሦስት ነበር፤ አማትየዋ በመስኮቱ በኩል፣ እናትየዋ በመተላለፊያው በኩል፣ ፖስተኛዋ እንደ ልማዷ መሐል። አውሮፕላኑ መሬቱን ለቆ ሲነሳ አማትየዋ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ውጪውን እንዳያዩ መስኮቱንም ራሳቸውንም ዘጉ። ልጅቱ ጆሮዬን አለች፣ ቀበቶው ጠበበኝ አለች፣ ወደ ቤት እንሂድ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ፊት ለፊት የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ አየና እንደገና ዞረ። ልብስ ሰፊዋ አማቷን በጎን አየቻቸው፤ አሁን ዓይናቸውን ቢገልጡ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ ልጅ በመድኃኒት አይደነዝዝም በያት» የሚሏት መሰላት። ስለዚህ ጠርሙሱን ከቦርሳዋ ሳታወጣ ከፈተችው፣ በክዳኑ ሞልታ፣ ልጅቱን በእቅፏ ሸፍና አጠጣቻት። ልጅቱ ፊቷን አጨማደደች። «ደግሞ?» አለች። እናትየዋ ለምን «ደግሞ» እንዳለች አልጠየቀቻትም፤ እሽሽ ብላ አፏን ጠረገችላት።

እንቅልፉ ቶሎ መጣ። ልብስ ሰፊዋ መጀመሪያ ደስ አላት፤ ጎረቤቷን በሆዷ መረቀች። ምግብ መጣ፣ ልጅቱ አልነቃችም። ድርሻዋን ለአማቷ ብታቀርብላቸው ደስ ባላት፤ ግን የምታቀርበው በማን በኩል ነው? ሣህኑ መሐላቸው፣ ከተኛችው ልጅ ፊት፣ እንደተሸፈነ ቀዘቀዘ። አንድ ጊዜ አውሮፕላኑ ክፉኛ ተንገጫገጨ፤ ከኋላ ያለው ሕፃን ጮኸ፣ አንድ ብርጭቆ ተደፋ፣ ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ የፈጣሪን ስም ጠራ። ልጅቱ ግን ወንበሩ እንደሚወስዳት ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች እንጂ ሽፋሽፍቷ እንኳ አልተርገበገበም። ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ አየቻት። ለራሷ «ደክሟት ነው፣ ጠዋት በጨለማ ነው የተነሳችው» አለች። እውነትም ነበር። ግን እውነቱ አላረጋጋትም።

ቆይታ ሽንት ቤት ልትወስዳት ጉንጯን መታ መታ አደረገቻት። «ሚጡዬ፣ ተነሽ።» የለም። ትከሻዋን ነቀነቀች። የልጅቱ ጭንቅላት ወደ ኋላ ወደቀ፣ አፏ ተከፈተ፣ ከጥጉ ለሃጭ ወረደ። እጇን ከሥሯ ብትሰድ ወንበሩ ርሷል፤ ዓመት ሙሉ አልጋ አርሳ የማታውቅ ልጅ። ከዚያ በኋላ የሆነውን በቅጡ አታስታውሰውም። ልጅቱን ከቀበቶው እንዴት እንደፈታቻት፣ እንዴት እንደቆመች አታውቅም፤ የምታውቀው የራሷን ድምፅ ከሌላ ሰው ጉሮሮ እንደሚወጣ ሆኖ መስማቷን ነው። «ልጄ! ልጄ አልነቃ አለችኝ! ሰዎች!» ሰማይ ምድሩ ዞረባት፤ በእርግጥ ሰማይ እንጂ ምድር አልነበረም፣ ከበታቻቸው ያለው ባሕር ነው።

አስተናጋጇ ሮጣ መጣች። በድምፅ ማጉያው ሐኪም ካለ ተብሎ ተጠየቀ። ከኋላ በካልሲ ብቻ፣ እግሯ ያበጠባት፣ አጠር ያለች ሴት መጣች፤ ሐኪም አይደለሁም፣ አዋላጅ ነርስ ነኝ አለች። ልጅቱን ወንበሮቹ ላይ በጎኗ አስተኛቻት፣ ከካፖርቱ የተሰፋላትን ጃኬት ቁልፎች ፈታች፣ ዓይኗን ገልጣ አየች፣ አንገቷ ላይ ሁለት ጣቷን አሳረፈች። ልብስ ሰፊዋ ከዚያች ሴት ፊት ላይ ዓይኗን መንቀል አቃታት፤ እድሜዋን በሙሉ ሰው ፊት ያን ያህል አንብባ አታውቅም።

«ምን ሰጥታችኋት ነው?»

«አንድ ክዳን ሽሮፕ። የአለርጂ። ይኸው ጠርሙሱ።»

አዋላጇ ጠርሙሱን አነበበችና ግንባሯ ተቋጠረ። «አንድ ክዳን እንዲህ አያደርጋትም። ሌላ ምን ወስዳለች? አትደብቁኝ፣ ማንንም ልከስ አይደለም።»

«ሌላ የለም፤ በልጄ እምላለሁ፣ ሌላ ምንም የለም!»

ያን ጊዜ መስኮቱ ሥር የተኮራመቱት አማትየዋ ተንቀሳቀሱ። ፊታቸው አመድ መስሏል። ጠርሙሱን ያዩታል፣ ምራታቸውን ያዩታል፣ አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉታል። ቃሉ መውጫ መንገዱ የጠፋው ነበር የሚመስለው፤ የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነበርና። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው፣ ወደማትሰማው ልጅ ጆሮ ተጠግተው፣ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ እንዲህ አሉ፤

«የኔ ዓለም… ለእናትሽ ንገሪያት… እኔም አጠጥቼሻለሁ በያት።»

ልብስ ሰፊዋ ከአዋላጇ ፊት ላይ ዓይኗን ነቅላ ወደ አማቷ ዞረች።

«መቼ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። ከዚያ ካፖርት ወዲህ አማቷን በቀጥታ ስታናግር የመጀመሪያዋ ነው፤ እሷ ግን አላስተዋለችውም። «መቼ ነው ያጠጧት? ለምን አልነገሩኝም? ገደሉብኝ እኮ!»

«ነግሬሻለሁ!» አማትየዋም ጮኹ፤ እንባቸው በጉንጫቸው ሽብሽብ ወረደ። «ሽንት ቤት ሳለን አጠጣኋት። አጠጥቼ ‹ሂጂ፣ መድኃኒቴን ጠጥቻለሁ በያት› ብዬ ላክኋት። አየሽ አይደል ስትሮጥ? ልኬልሽ ነበር እኮ!»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ልጅቱ አየች። መልእክቱ እዚያ ውስጥ ነበር፤ በዚያ በተከፈተ አፍ፣ በዚያ በማይነሳ ምላስ ውስጥ። ትልልቅ ሴቶች፣ ጤነኛ ምላስ ያላቸው ሴቶች፣ የሕፃኗን ነፍስ የሚያህል ነገር ለራሷ ለሕፃኗ አሸክመው ልከው ነበር። ያን «ደግሞ?» ያለችውንም አስታወሰች፤ እሽሽ ያለቻትንም። መተላለፊያው ላይ ቁጭ አለች።

«በምን ያህል ማንኪያ ነው?» አዋላጇ ለእንባ ጊዜ አልነበራትም። አማትየዋ የማንኪያውን መጠን በጣታቸው አሳዩ፤ የሾርባ ማንኪያ ነበር። አዋላጇ በሆዷ አሰላች፤ ፊቷ ምንም አልነገራቸውም። ከዚያ የልጅቱን እግር ያዘችና ውስጥ እግሯን በጥፍሯ አጥብቃ ቆነጠጠችው። እግሩ ቀስ ብሎ፣ በስንፍና፣ ተሰበሰበ፤ ከጉሮሮዋም ቀጭን ማቃሰት ወጣ። «ይህ ደህና ነው» አለች፤ «ቁንጥጫ ከተሰማት ደህና ነው። ትተነፍሳለች፣ ልቧም ይመታል፣ ትንሽ ፈጠን ቢልም። ግን ዓይናችሁን ከደረቷ እንዳትነቅሉ። ካስመለሳት በጎኗ፣ ሁልጊዜ በጎኗ። ቶሎ ቶሎ ቆንጥጧት። አልሰማም ካለች በሩጫ ጥሩኝ።» አስተናጋጇ ከአብራሪው ጋር ተነጋግራ ተመለሰችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው፤ ቅርብ የሚባለው ማረፊያም ሰዓታት ይርቃል፣ መሐሉ ሁሉ ውሃ ነው፣ ከሁሉ የሚቀርበው ወደፊት መሄዱ ነው።

ፀሐይዋ ከአውሮፕላኑ ጋር እሽቅድምድም የያዘች ይመስል አልጠልቅ ብላ መስኮቱ ላይ ቆማለች። ለልብስ ሰፊዋ ቀኑ ያለቀ ሳይሆን የቆመ ነበር። እሷ መተላለፊያው ላይ ተንበርክካ ጭንቅላቷን ያዘች፣ አማትየዋ እግሯን ያዙ። ትንፋሹ ሲረዝም ሁለቱም የራሳቸውን ያቆማሉ፤ ሲመለስ አብረው ይተነፍሳሉ። አንድ ጊዜ የልጅቱ ደረት ወርዶ ሳይነሳ የቆየ መሰላት፤ ባሏን አሰበችው፣ በሩ ላይ ቆሞ፣ አንገቱን አስግጎ፣ ምናልባት አሻንጉሊት ይዞ። ምን ብላ ትነግረዋለች? የምትነግረውስ በማን በኩል ነው? ፈጣሪዬ፣ አለች፣ እኔን ውሰደኝ፤ እንደዚህ ያለ ነገር ሰው የሚለው ለይስሙላ ይመስላት ነበር፣ አሁን ግን ከልቧ ነው፣ እዚያው ሊወስዳት ቢመጣ ቀበቶዋን ፈትታ ትነሳ ነበር።

«ቆንጥጪያት» ይላሉ አማትየዋ።

«ቆነጠጥኋት። እርስዎ ያዳምጡ እስኪ፣ ጆሮዬ ደነዘዘ።»

«ትተነፍሳለች። ይኸው፣ ይኸው። እጅሽን እዚህ አድርጊ።»

እንዲህ ሲባባሉ ቆዩ። እጅ ለእጅ መደራረባቸውን፣ የአንዷ እንባ የሌላዋ ክንድ ላይ መውደቁን ማንም ልብ አላለውም። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ለእነሱም ያን ሰዓት ካፖርት የሚባል ነገር ትዝ የሚላቸው አልነበረም። አዋላጇ እየተመላለሰች ዓይኗን ትገልጣለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ምንም ሳትል ትሄዳለች። ፊት ለፊት ያለው ሰውዬ ብርድ ልብሱን አሳልፎ ሰጣቸው፤ ቃል አልጨመረበትም።

ነቃች። እንደ ተአምር አልነበረም፤ እናቷ ጉንጯን ስትቆነጥጣት እጇን አንስታ ልትመታት ሞከረች፣ ሳተች፣ ከዚያ ፊቷን አኮማትራ በሰከረ ሰው ምላስ «ሽንቴ መጣ» አለች። የመጣው ከመጣ ብዙ ቆይቷል። ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፣ ከዚያ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። አማትየዋ የልጅቱን እግር ለቀው ጣቶቻቸውን መዘርጋት አቃታቸው፤ ያን ያህል ጨብጠውት ነበር። አዋላጇ ውሃ በትንሽ በትንሹ እንዲሰጧት፣ ሲወርዱም ሐኪም እንዲያያት አዘዘችና ወደ መቀመጫዋ ሄዳ ወዲያው አንኮራፋች።

ልጅቱ እየነቃች እየተኛች፣ ግን አሁን ሲጠሯት እየመለሰች፣ መሐላቸው ተቀመጠች። አማትየዋ በልጅቱ አናት ላይ አሳልፈው ምራታቸውን አዩ።

«ለልጄ ትነግሪዋለሽ?» አሉ። ድምፃቸው የፈሪ ልጅ ድምፅ ነበር።

ለልብስ ሰፊዋ ጥፋቱን በሙሉ እሳቸው ላይ መጣል ቀላል ነበር፤ የማንኪያው ትልቅነት ብቻ ይበቃል። «እርስዎ እንኳ ልከው ነበር» አለች፤ «የደበቅሁት እኔ ነኝ። ዓይንዎን እስኪጨፍኑ ጠብቄ ነው ያጠጣኋት። ካፖርቱንም እንደዚያው፣ እስኪወጡ ጠብቄ ነው የቆረጥሁት።» አማትየዋ ስለ ካፖርቱ ምንም አላሉም። ይቅር ማለታቸውን አልነገሯትም፣ አለማለታቸውንም። «ምን ያደርግለታል» አሉ፤ «ሥራ ውሎ የሚመጣ ሰው ነው፣ ይጨነቃል። እዚሁ ይቅር።» እሷም እዚሁ ይቅር አለች። ተስማሙ። የሚያስፈራው አለፈ ብላ ትንፋሽዋን ለቀቀች፤ ፍርሃቱ ግን ቦታ ቀየረ እንጂ አልሄደም። አሁን ደግሞ የልጅቱን አፍ መፍራት ጀመረች።

ከማረፊያው ሐኪም ክፍል ደህና ናት ተብለው ሲወጡ ባልየው በሩ ላይ ነበር፤ ከስቷል፣ ፀጉሩ ገባ ገባ ብሏል፣ እጁ ባዶ ነው። ሦስቱንም በአንድ ላይ ሊያቅፍ ሞክሮ ክንዱ አልበቃውም። ምነው ቆያችሁ አለ። «ሰልፍ ነው» አለች ሚስቱ። «ሰልፍ» አሉ እናቱ። ከዚያ ልጅቱ ፊት ቁጢጥ አለ። በስክሪን ካልሆነ አይቷት አያውቅም ማለት ይቻላል፤ ሲሄድ ጨቅላ ነበረች። እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ ወሬ መጀመር እንደሚፈራ ሰው፣ «እስኪ ንገሪኝ» አላት፤ «አውሮፕላን ውስጥ ምን አየሽ?»

ሁለቱ ሴቶች የልጅቱን አፍ አዩ። ልጅቱ አሰበች። ደመና ማለት ትችል ነበር፣ ጎማ ማለት ትችል ነበር። ዓይኗ በራ።

«እማና አያዬ አወሩ!»

«እሱማ ያወራሉ እንጂ» አለ እየሳቀ።

«አይ! በአፋቸው!» አለች፤ እንዳልገባው ስታይ ከአንዷ ወደ አንዷ በጣቷ መንገዱን አሳየችው። «እኔ ሳልነግራቸው!»

ባልየው ሳቁን ቀጠለ፤ ማንም አብሮት እንዳልሳቀ ሲያይ ግን ሳቁ ፊቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ሚስቱን አየ፣ እናቱን አየ። ከዚያ መልሶ ወደ ልጅቱ ዞረና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «ከመቼ ጀምሮ ነው የማያወሩት፣ የኔ ቆንጆ?» አላት።

ልጅቱ ለመመለስ አፏን ከፈተች። ልብስ ሰፊዋ የልጅቱን እጅ ከባሏ እጅ ውስጥ አወጣችና አቅፋ አነሳቻት።

«እሷን አትጠይቃት» አለች። «እኔን ጠይቀኝ።»